ጠብታዋን አትናቃት

አንባቢ ሆይ፤ ለሥራ ጉዳይም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወልድያ ያደርህ እንደ ሆነ፣ ማለዳ ተነሥተህ የጭነት መኪናዎች ያደሩበትን ሜዳ ተመልከት። መኪናዎቹ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ሄደዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ በቆሙበት ስፍራ ላይ ማኅተማቸውን ትተው ነው የሄዱት፤ ይኸውም በአፈሩ ላይ የቀረ ጥቁር ክብ የዘይት ምልክት ነው። አንዱ የሳንቲም ያህል፣ ሌላው የምጣድ ያህል ይሆናል። ብዙዎቻችን ረግጠነው እናልፋለን። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ረግጠው ከሚያልፉት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ግን ያችን ጥቁር ክብ ባየሁ ቁጥር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በውስጧ እንዳለ ይታየኛል።

ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል 520 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣው መንገድ ወልድያ ደርሶ ወደ ቆቦ፣ ወደ አላማጣና ወደ መቐለ ይቀጥላል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ሌላው መንገድ ደግሞ የድልብን አቀበት ወጥቶ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይደርሳል። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ስሪንቃን አልፈህ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ የምታገኛት የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ናት። መርሳ ሞቃት ናት፤ ማንጎዋና ፓፓያዋ የታወቀ ነው፤ በዙሪያዋም ማሽላና ጤፍ ይዘራል። ይህ ሁሉ ምርት ወደ ገበያ የሚወጣው በአብዛኛው በናፍጣ ሞተር ነው። በየመንደሩ እህል የሚፈጨው ወፍጮ፣ ከወንዝ ውኃ እየሳበ አትክልት የሚያጠጣው ፓምፕም ቢሆን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ሁሉ በናፍጣ ይሠራል። እንግዲህ ስለ አሮጌ ሞተር መናገር ስለ መካኒክ ብቻ መናገር እንዳይመስልህ።

የአጎቴ መኪና

የእናቴ ወንድም አንድ አሮጌ አይሱዙ የጭነት መኪና አለው። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም። የገዛት ግማሹን ከራሱ፣ ግማሹን ከዘመድ ተበድሮ ሲሆን፣ ከመርሳ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ፍራፍሬና እህል እያመላለሰ ሦስት ልጆች ያስተምርባታል። እኔም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ስከታተል ከዚያችው መኪና ገቢ የኪስ ገንዘብ ይደርሰኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ቤቱ ሄጄ ሳለሁ ከሞተሩ ሥር ጣሳ ተቀምጦ አየሁ። ዘይት እየጠበጠበ ይገባበታል። አጎቴን «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እርጅና ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ጧት ጧት ትንሽ እጨምርላታለሁ፤ ጋራዥ ገብታ ሁለት ቀን ከምትቆም ዘይት መጨመሩ ይሻለኛል» አለኝ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ነገሩን በቍጥር ካላየሁት አይዋጥልኝም። ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሰዓቴን ይዤ ቍጭ አልሁና ጠብታውን ቈጠርሁ። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይወርዳል። ይህም በሰዓት 1,800 ጠብታ ነው። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል ብለን ብናስብ፣ በሰዓት 90 ሚሊ ሊትር ይፈስሳል ማለት ነው። መኪናዋ በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ 720 ሚሊ ሊትር፤ በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠራ ከ4 ሊትር በላይ! የዚህ ዓይነቱ ሞተር ጠቅላላ የሚይዘው ዘይት ደግሞ አሥር ሊትር ገደማ ነው። አጎቴ ይህን ሒሳብ ባሳየሁት ጊዜ ጥቂት ዝም አለና፣ «የዋጋውንስ ነገር ተወው፤ አንድ ቀን ጧት መጨመሩን የረሳሁ እንደ ሆነስ?» አለኝ።

ይህን ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ባልንጀራው እንደዚሁ እየጨመረ ሲሠራ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጭነት ይዞ በድልብ አቀበት ሲወጣ ሞተሩ ከነጭነቱ ቀጥ ብሎ ቀረ። አቀበት ላይ ዘይቱ በቋቱ ውስጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መጠኑ ያነሰ እንደ ሆነ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር መሳብ ይጀምራል። ዘይት ያጣ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ የሚሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። ያ ሰው መኪናውን በርካሽ ሸጦ ዛሬ ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ይነዳል።

ቋቱ ምንድን ነው?

የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ጐንበስ ብለህ ብትመለከት፣ በብዙ ትንንሽ ብሎኖች የተያያዘ አንድ ትልቅ ገበታ መሰል ነገር ታያለህ። የዘይት ቋት እርሱ ነው። የሚሠራው ከላሜራ ወይም ከተቀለጠ አልሙኒየም ነው። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ዘይቱን ከቋቱ በወንፊት በኩል ይስብና ወደ ፊልትሮ፣ ከዚያም ወደ ዋናው ዘንግና ወደ ሌሎቹ ተፋታጊ አካላት ይገፋዋል። ዘይቱ ሥራውን ፈጽሞ በራሱ ክብደት ወደ ቋቱ ይመለሳል። ስለዚህ ዘይት በሞተር ውስጥ እንደ ደም ይዘዋወራል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በቋቱ ከንፈርና በሞተሩ አካል መካከል ቀጭን ማሸጊያ ይገባል። ይህ ማሸጊያ ከቡሽ፣ ከወፍራም ወረቀት ወይም ከጎማ የተሠራ ነው። በመርሳ ጋራዦች ስሙን ብትጠይቅ «ጓርኒሲዮን» ይሉሃል፤ ቋቱን ደግሞ «ኮፓ»። የዘንግ ማሸጊያው ጎማ «ፓራኦሊዮ» ነው፤ መፍቻው «ካቻቢቴ»፤ ነዳጁም «ናፍጣ»። አንባቢ ሆይ፤ እነዚህ ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። «ኮፓ» በጣሊያንኛ ጽዋ ማለት ነው። «ካቻቢቴ» ሲተረጐም ብሎን አባራሪ እንደ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን በዚሁ በወሎ ምድር መንገድ ሲጠርግ፣ መኪናውና የመኪናው ቋንቋ አብረው ገቡ። ወራሪው ተባርሮ ወጣ፤ ቃሉ ግን ከሠራተኛው እጅ ጋር ቀረ። ከዚያም በኋላ ፊያት 682 የተባለው ትልቅ የጭነት መኪና አገሩን ሲሞላው ቋንቋው ጸና። የዚያን መኪና አንዱን ዓይነት ሽማግሌ ሾፌሮች ዛሬም «ኤንትሬ» እያሉ በናፍቆት ያነሡታል፤ ይኸውም በጣሊያንኛ «ኤን ሦስት» ማለት ነው።

ከመፍታት በፊት መመርመር

አጎቴን አሳምነን መኪናዋን መርሳ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ዋናው መካኒክ በዕድሜ የገፉ፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው። እኔ ወዲያው ቋቱ ይፈታ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ሣቅ ብለው፣ «አብሽር መምህር፤ ዘይት ከላይም ፈስሶ ከታች ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ምንጩን እንፈልግ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ዘይት ከቴስታታው ክዳን፣ ከፊልትሮው መግጠሚያ ወይም ከፊት ዘንግ ማሸጊያ ሾልኮ በሞተሩ ጐን ይወርድና በቋቱ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ እየገፋ ያሰራጨዋል። ያየ ሰው ሁሉ «ቋቱ ነው» ይላል። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ምናልባት የኋላው ፓራኦሊዮ ነው፤ ይህም ካምቢዮ የሚያስወርድ ሌላ ትልቅ ሥራ ነው። አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ በዘይት ማፍሰሻው ብሎን ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ ብቻ ይሆናል፤ የእርሱ ዋጋ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም።

ምርመራው እንዲህ ነው። የሞተሩ ሥርና ጐን በጥቂት ናፍጣና በብሩሽ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በሳሙና ውኃ ይጠራል፤ በደንብም ይደርቃል። ከዚያ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል። «ዱቄት ከየት እናምጣ?» ብለው ሲጠይቁ እኔ ከኪሴ የትምህርት ቤት ጠመኔ አወጣሁ። ፈጭተን ነሰነስነው። ሞተሩ ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ስናየው፣ በነጩ ላይ መጀመሪያ የጠቆረው በግራ በኩል በቋቱ ከንፈር ዙሪያ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። ስለዚህ ጥፋቱ የማሸጊያው መሆኑ ታወቀ። ጠመኔ በሰሌዳ ላይ ካስተማረው ይልቅ ያን ቀን በሞተር ላይ ያስተማረኝ በለጠ።

ሥራው

አንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሥራ ቢገጥምህ ቅደም ተከተሉን ልንገርህ።

መጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ጎማው በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገድ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግበት። ክሪክ ሸርተት ሲል የሰው ነፍስ ጠፍቷል።

ዘይቱ ሞቅ እንዳለ ይቀዳ፤ ሲሞቅ ይቀጥናልና ዝቃጩን ይዞ ይወጣል። ነገር ግን የሚፋጅ ሆኖ እጅህን እንዳያቃጥልህ። በተቀዳው ዘይት ውስጥ የሚብለጨልጭ የብረት ብናኝ ብታይ ብሮንዚኖቹ መበላት ጀምረዋል ማለት ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና ከቀጠነ ነዳጅ ሰርጎበታል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜ ችግሩ ከማሸጊያ በላይ ነው።

ቋቱ ሲወርድ በካቻቢቴ አይፈነቀል። ከንፈሩ ከተጫረ ያ ጭረት ለዘይት ቦይ ይሆነዋል። በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ዳር ዳሩን መታ መታ ማድረግ ይበቃል። የቀድሞው ማሸጊያ ትርፍራፊ ከሁለቱም ፊት ተፍቆ ይጽዳ፤ ወንፊቱም በዚያው ይታጠብ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘልለዋል። የላሜራ ቋት ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅበት በየቀዳዳው ዙሪያ ይጐብጣል። የጐበጠ ከንፈር ደግሞ አዲስ ማሸጊያ ቢገባለትም ያፈስሳል። ስለዚህ ቀጥ ባለ ብረት ወይም በመስተዋት ላይ ተቀምጦ ይለካና፣ የጐበጠው ቦታ ከእንጨት ጕማጅ ላይ ተደርጎ በቀስታ ይስተካከላል። ሾፌሩ «ዘይት እንዳይፈስስ» ብሎ በየሳምንቱ ብሎኑን ማጥበቁ ራሱ ለዘይቱ በር ይከፍትለታል። የአጎቴም ቋት እንዲሁ ሆኖ ተገኘ፤ የግራ ጐኑ እንደ ማዕበል ተጣጥፎ ነበር።

አዲሱ ማሸጊያ ሲገባ ሲሊኮን የሚቀባ ከሆነ ቀጭን ሆኖ በብሎኖቹ ቀዳዳ የውስጥ ዳር ይዙር። «ይብዛ፤ አይጐዳም» የሚሉትን አትስማ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ሲበጠስ ወንፊቱን ይደፍናል። ብሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ይግቡ። ከዚያም ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተሻገሩ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር በልኩ ይጥበቁ። ልኩ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚለው ነው። ማሸጊያው ሳይጨፈለቅ እኩል መያዙ ይበቃል። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ጊዜ ይሰጠው፤ ብዙውን ጊዜ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። የመዳቡ ሮንዴላ በአዲስ ይተካ፤ ከጠፋም አሮጌው በእሳት ግሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳልና አንድ ጊዜ ያገለግላል። በመጨረሻ አዲስ ዘይት በመለኪያው ዘንግ ልክ ይሞላ፤ ሞተሩ ይነሣ፤ የዘይት ግፊቱም ይታይ።

ሁለተኛው ጠብታ

ይህን ሁሉ ፈጽመን አጎቴ ተደስቶ ወደ ሥራው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን ደውሎ፣ «መምህር፤ ጣሳው ተመልሷል» አለኝ። እፍረት ተሰማኝ። እንደገና ወደ ጋራዡ ሄድን። ጋሼ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው የዘይት መሙያውን ክዳን በጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ከፈቱት። ከውስጥ ጭስ በኃይል እፍ ብሎ ወጣ። ክዳኑ ክፍት እንዳለ ከሥር ብናይ ጠብታው ቀንሷል። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ሞተሩ ታፍኗል፤ መተንፈሻው ተደፍኗል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ፈትኖ ለዓለም ያሳየው ሞተር የእሳት ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩን ብቻ እጅግ አድርጎ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ አየር ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ግፊቱ ታላቅ በመሆኑ በየፒስቶኑ ዳር ጥቂት ጋዝ ሾልኮ ወደ ታች፣ ቋቱ ወዳለበት ይወርዳል። ለዚህ ጋዝ መውጫ ተብሎ አንድ የመተንፈሻ ቱቦ ተሠርቶለታል። ያ ቱቦ በአቧራና በወፍራም ጥላሸት ከተደፈነ ጋዙ መውጫ ያጣና ዘይቱን ባገኘው ቀጭን ስፍራ ሁሉ ይገፋዋል። ማሸጊያው ምንም አዲስ ቢሆን አይችለውም።

ቱቦው ሲወልቅ እንደ ተደፈነ የቧንቧ ሥር ሆኖ ተገኘ። በናፍጣ ታጥቦ ተመለሰ፤ በግፊቱ የተከፈተችው የማሸጊያ ጥግም ተስተካከለች። ይኸውና ወራት አልፈዋል፤ ጣሳው ለዶሮ ውኃ መስጫ ሆኗል። ቱቦው ታጥቦም ጭሱ ባይቀንስ ኖሮ የፒስቶን ቀለበቶች አልቀዋል ማለት ነበር፤ ያ ደግሞ ሞተሩን ፈትቶ ማደስን ይጠይቃል።

እኔ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ «የታፈነ ጋዝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይገፋል» እያልሁ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ይሉታል። ሆኖም የገዛ አጎቴ ሞተር በዚሁ ሕግ ሲጐዳ ያወቁት፣ ትምህርት ቤት ብዙ ያልቈዩት ጋሼ ናቸው። አንባቢ ሆይ፤ አንተም እንደ እኔ ወረቀት ይዘህ የወጣህ ከሆንህ ይህችን ነገር አስብባት። በአገራችን ቀጥቃጭና ሸማኔ ሲናቁ ኖረዋል። ዘይት የነካውን እጅ መናቅ የዚያ ርዝራዥ ነውና ከእኛ ትውልድ ጋር ያብቃ።

ዘይቱስ የት ይድረስ?

አንድ ነገር ልጨምርና ልፈጽም። ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን መርዝም ነው፤ ለቆዳና ለሳንባ ጠንቅ የሚሆኑ ነገሮችን ይዟል። እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ መቍረስ አይገባም። መርሳም ሆነ ጊራና፣ ወንዙ የሚወርደው ወደ አትክልት ማሳ ነው። በወንዝ ዳር ወይም በመስኖ ቦይ አጠገብ የተደፋ ዘይት ተመልሶ በማንጎው ሥር ይገኛል። ስለዚህ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡ ይሰጥ እንጂ በመሬት ላይ አይደፋ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በየጧቱ ዘይት መጨመር በሽታን መደበቅ ነው። ብሎን ማጥበቅም መንሥኤውን ሳይመረምሩ ምልክቱን መምታት ነው። ይህ በሞተር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በቢሮም ቢሆን በየዓመቱ አንድ ዓይነት አቤቱታ የሚመለስበት ጠረጴዛ፣ በትምህርት ቤትም በየፈተናው በአንድ ዓይነት ጥያቄ የሚወድቅ ተማሪ፣ ምናልባት አንድ የተደፈነ መተንፈሻ አላቸው። የሚፈልገው ሰው ጐንበስ ብሎ፣ ጠርጎ፣ ጠመኔ ነስንሶ መመልከት አለበት።

ነገ ማለዳ በመንገድህ ላይ ያችን ጥቁር ክብ ያየህ እንደ ሆነ ረግጠሃት አትለፍ። ሾፌሩ ገና ያልሄደ ከሆነ ቀረብ ብለህ ንገረው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።